ጣት ወደ ላይ ይስታል፦ ለወገብ ማደንዘዣ ክፍተቱን በዳሰሳ ስለ ማግኘት

ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ የሚወርድ ሰው ደጋው ከኋላው ቀርቶ ሙቀቱ ፊቱን ሲመታው ሳንጃ መቃረቡን ያውቃል። ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከጎንደር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሌሊት ምጥ የጠናባትና ልጇ አልወጣ ያላት እናት ያንን ሁሉ ዳገት ወጥታ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እስክትደርስ ጊዜ ላይኖራት ይችላል። እንዲህ ላለው ቀን ነው በወረዳ ከተሞች የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የተከፈቱት። በእነዚህ ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምናው ሲሠራ ከእናቲቱ ጀርባ መርፌ ይዞ የሚቆመው ብዙ ጊዜ አንድ የአንስቴዥያ ባለሙያ ነው፤ ዞር ብሎ የሚያማክረው ሁለተኛ ሰው የለውም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ባለሙያ ነው። ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ከመምህሮቻችሁ ዓይን ርቃችሁ ስፓይናል፣ ማለትም የወገብ ማደንዘዣ፣ መስጠት ለጀመራችሁ። ሥልጠናው የሌለው ሰው አንብቦ መርፌ እንዲያነሳ አልተጻፈም። ስለ ቡፒቫኬይን መጠን፣ ስለ ደም ግፊት መውረድ፣ ማደንዘዣው ስለማይሰጣቸው ሰዎች እዚህ አላነሳም። የማወራው መርፌው የሚገባበትን ክፍተት ከቆዳ ላይ ሆኖ ስለ ማግኘት ብቻ ነው። ቀላል ስለሚመስል ቸል የሚባል፣ ሲሳሳቱት ግን የሰው እግር ይዞ ሊሄድ የሚችል ነገር ነው።

ከፍታው ለምን ያሳስባል

የወገብ አከርካሪዎች 5 ናቸው፤ ከላይ ወደ ታች ከኤል 1 እስከ ኤል 5 እንላቸዋለን። ኅብለ ሰረሰር ግን የአከርካሪውን ቦይ እስከ መጨረሻው አይወርድም። በአዋቂ ሰው በአብዛኛው ኤል 1 እና ኤል 2 አካባቢ ሾጥጦ ያልቃል። ከዚያ በታች ያለው እንደ ፈረስ ጭራ የተበተነ የነርቭ ሥር ነው። ሥሮቹ ፈሳሽ ውስጥ ስለሚንሳፈፉ መርፌ ሲመጣባቸው ብዙ ጊዜ ገለል ይላሉ፤ ኅብለ ሰረሰሩ ግን ገለል አይልም።

ችግሩ ያለው «በአብዛኛው» የምትለው ቃል ላይ ነው። አንዳንዱ ሰው 12ኛው የደረት አከርካሪ ላይ ያልቅበታል፣ ሌላው እስከ ኤል 3 ይወርድበታል። ከውጭ ሆኖ ጀርባ አይቶ ይህን የሚለይ የለም።

በ2000 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት ነበር። የአንስቴዥያ ሐኪሞች ኤምአርአይ ሊነሱ በመጡ 100 ሰዎች ጀርባ ላይ አንድ ክፍተት መርጠው ምልክት አደረጉ፤ የመረጡት የትኛው ክፍተት እንደሆነም ተናገሩ። ከዚያ ምስሉ ታየ። በትክክል የተጠራው ክፍተት 29 በመቶ ብቻ ነበር። በ51 በመቶ ምልክቱ ካሰቡት አንድ ክፍተት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ እስከ አራት ክፍተት ድረስ ወደ ላይ የሳቱም ነበሩ። ወደ ታች የሳተው ግን ከአንድ ክፍተት አላለፈም። በዚያው ጥናት ኅብለ ሰረሰሩ ከኤል 1 በታች የሚያልቅበት ሰው 19 በመቶ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ደጋግሜ አስባቸዋለሁ። ሐኪሞቹ ጀማሪ ስለሆኑ አይደለም የሳቱት። ስህተቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢበተን ኖሮ «ዕድል ነው» እንል ነበር፤ እሱ ግን ወደ አንድ ወገን፣ ወደ አደገኛው ወገን ያዘነብላል። ኤል 2–3 ነው ብላችሁ የምትወጉት ክፍተት ኤል 1–2 የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. እዚያው አገር የታተመ ሌላ ዘገባ በስፓይናል ምክንያት የኅብለ ሰረሰራቸው ጫፍ የተጎዳባቸውን ሰባት ሰዎች ታሪክ አቅርቧል፤ አብዛኞቹ ወላዶች ነበሩ። ባለሙያዎቹ በአብዛኛው የወጉት ኤል 2–3 ላይ እንደሆነ አምነው ነበር።

ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ጣታችሁ ወደ ላይ ስለሚስት ስትጠራጠሩ ወደ ታች ውረዱ።

አቀማመጡ

ታካሚዋ በትክክል ሳትቀመጥ ጀርባዋን መዳሰስ አትጀምሩ። አልጋው ደልዳላ ይሁን፣ አያዘንብል። እግሮቿ አየር ላይ አይንጠልጠሉ፤ ከሥራቸው በርጩማ አድርጉላቸው። ትራስ አስታቅፏት። ረዳቱ ከፊቷ ቆሞ ትከሻዋን ይደግፍ፤ ትከሻዎቿ እኩል መሆናቸውን እሱ ያያል።

«ጀርባሽን ወደ እኔ አውጪ» ብቻ ቢሏት ብዙ ሴት ደረቷን ነው የምታወጣው፤ ወገቧ ጭራሽ ወደ ውስጥ ይገባል። እኔ የምለው «እህቴ፣ ብርድ እንደያዘው ሰው ተኮራመቺ» ነው። ሙቀቱ ላብ በሚያስጠምቀው ሳንጃም ብትሆን ይገባታል። ቀጥሎ አውራ ጣቴን ወገቧ ላይ አድርጌ «ይቺን ጣቴን ግፊያት» እላለሁ። አዛውንት ሲሆኑ «አባባ፣ አገጭዎን ደረትዎ ላይ ያሳርፉ» ይበቃል። የምጥ ቁርጠት ሲመጣ እጃችሁን አንሱና ጠብቁ፤ አብሯችሁ ያለችው ሰው ናት።

በጎን ማስተኛት ግድ ሲሆን ሁለት ነገር አስታውሱ። የሴት ዳሌ ከትከሻዋ ስለሚሰፋ አከርካሪዋ ወደ ራስጌ ያዘቀዝቃል። ቆዳዋም በክብደቱ ወደ አልጋው ስለሚወርድ የመቀመጫው ስንጥቅ መሀሉን አያሳይም። መሀሉን የሚያሳያችሁ አጥንቱ ራሱ ነው።

የዳሌው መስመር፣ እና መቀነቱ

ሁላችንም የተማርነው የመጀመሪያው ምልክት በፓሪሱ ቀዶ ሐኪም በቴዎዶር ቱፊዬ ስም የሚጠራው መስመር ነው። ጀርመናዊው አውጉስት ቢር በነሐሴ 1898 እ.ኤ.አ. ኪል ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን ስፓይናል ከሰጠ በኋላ ዘዴውን በፈረንሳይ ካስፋፉት አንዱ ቱፊዬ ነበር። የሁለቱን ዳሌ አጥንቶች ከፍተኛ ጫፍ የሚያገናኘው ቀጥታ መስመር የአከርካሪውን መሀል የሚቆርጠው ኤል 4 ላይ ወይም በኤል 4 እና በኤል 5 መካከል ነው። በራጅ ሲታይ ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ጣት ግን ራጅ አይደለም። በጣታችሁና በዳሌው አጥንት መካከል ቆዳ፣ ስብና ጡንቻ አለ። ያ ሁሉ ውፍረት ጣታችሁን ከአጥንቱ አናት ሽቅብ ያነሳዋል። በወፍራም ሰው ይብሳል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ የወገቧ መሰርጎድ፣ የዳሌዋ ማዘንበልና ጀርባዋ ላይ የተጠራቀመው ውኃ ይጨመራል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ላይ በጣት ያገኛችሁት መስመር ኤል 4 ሳይሆን ኤል 3ን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያለውን ሊቆርጥ ይችላል። መስመሩን ኤል 3–4 ብላችሁ ቁጠሩት፤ ከእሱ በላይ ያለውን ክፍተት አትንኩ።

ተማሪ ሳለሁ ከገጠር የመጣች ወላድ ጀርባ ላይ እጄን አሳርፌ «አገኘሁት» አልኩ። መምህሬ ምንም አልተናገረም፤ እጁን እጄ ላይ ጭኖ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ገፋው። አጥንቱ ያኔ ነው ከጣቴ ሥር የመጣው። እኔ የያዝኩት ለዓመታት የታሰረ መቀነት በወገቧ ላይ የተወውን ስርጉድ ነበር። የመቀነት ስርጉድ ከዳሌ አጥንት በላይ ነው የሚውለው። አገራችን ውስጥ ይህን ስህተት የሚሠራው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አላምንም፤ እንደዚያ ቀን የሚያርም እጅ ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

መስመሩን እንዲህ ፈልጉት። መዳፋችሁን በሁለቱም ጎን ከጎድን አጥንት በታች ለስላሳው ቦታ ላይ አኑሩ። ጠንከር ብላችሁ ወደ ውስጥ ከዚያም ወደ ታች ተጫኑ፣ ጠንካራው አጥንት መዳፋችሁን እስኪያቆመው ድረስ። ለስለስ አድርጎ መዳበስ ስቡን ብቻ ያገኛል። ሁለቱ እጆቻችሁ እኩል ከፍታ ላይ መሆናቸውን ከኋላ አንድ እርምጃ ርቃችሁ እዩ። ከዚያ አውራ ጣቶቻችሁን ወደ መሀል አገናኙ።

ከታች መቁጠር

በአንድ ምልክት ብቻ አትመኑ። እኔ የምመርጠው ሁለተኛው ምልክት ከታች ያለው ነው።

ከመቀመጫ በላይ፣ ከመሀሉ ግራና ቀኝ፣ ብዙ ሰው ላይ በዓይን የሚታዩ ሁለት ስርጉዶች አሉ። ከሥራቸው ያለው የዳሌ አጥንት የኋላ ጉብታ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር በሳክረም ሁለተኛ አጥንት፣ በኤስ 2 ላይ ያልፋል፤ ፈሳሹን የያዘው ከረጢትም አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው እዚያው ነው። ወፍራም ሰው ላይ እንኳ ጉብታው ብዙ ጊዜ በጣት ይገኛል።

ከዚያ መስመር መሀል ተነሥታችሁ አመልካች ጣታችሁን ሽቅብ አንፏቅቁ። ሳክረም የተጋጠመ አጥንት ስለሆነ ጣታችሁ የሚሰምጥበት ክፍተት አያገኝም። መጀመሪያ ስምጥ የሚለው ክፍተት ኤል 5–ኤስ 1 ነው። ቀጥሎ አንድ የአከርካሪ ጉብታ፣ ከሱ በላይ ኤል 4–5። እንደገና ጉብታ፣ ከሱ በላይ ኤል 3–4። እዚያ ቁሙ።

አሁን ሁለቱን አስተያዩ። ከታች የቆጠራችሁትና ከዳሌው መስመር ያገኛችሁት ከተስማሙ መልካም። ካልተስማሙ አማካይ አትውሰዱ፤ ዝቅ ያለውን ተቀበሉ። አንዳንድ ሰው አምስተኛው የወገብ አጥንት ከሳክረም ጋር የተጣበቀበት፣ ሌላው ስድስተኛ የወገብ አጥንት ያለው ሆኖ ይወለዳል፤ ቆጠራው ለዚያ ሰው ከመነሻው አይሠራም። ዝቅ ያለውን መምረጥ ከዚህም ይጠብቃል።

ከላይ ወደ ታች መቁጠርን ብዙም አልመክርም። የትከሻ አጥንት የታችኛው ጫፍ ክንድ ሲወርድ 7ኛው የደረት አከርካሪ አካባቢ ይውላል፤ ታካሚዋ ትራስ ስታቅፍ ግን ቦታውን ይለቃል። 12ኛው ጎድን አንዳንድ ሰው ላይ አጭር ስለሆነ አይዳሰስም፤ 11ኛውን 12ኛ ነው ብላችሁ ከጀመራችሁ ቆጠራችሁ በሙሉ አንድ ክፍተት ሽቅብ ይሄዳል። አሁንም ወደ ላይ!

ምልክቱን ማስቀረት

እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ጓንት አጥልቃችሁ፣ ጀርባውን አጽድታችሁ እስክትመለሱ ያገኛችሁት ቦታ ይጠፋል። ታካሚዋ ትንቀሳቀሳለች፣ ጨርቁ ይሸፍናል። በቆላው ሙቀት ደግሞ የእስክሪብቶ ቀለም በላብ ይታጠባል፣ ቀሪውን አዮዲኑ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የእስክሪብቶ ክዳን ክቡን አፍ ቆዳው ላይ ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። የሚተወው ክብ አሻራ ከአዮዲኑ ሥርም ይታያል።

ክሎርሄክሲዲን ከተጠቀማችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ጠብታው መርፌና መድኃኒት ካለበት ትሪ አጠገብ አይድረስ። ለነርቭ መርዝ ነው።

ጓንት አጥልቃችሁ ስትመለሱ አሻራውን ብቻ አትመኑ፤ እንደገና ዳስሱ። የግራ እጃችሁን አመልካችና መሀል ጣት ከክፍተቱ በላይ ባለው ጉብታ ግራና ቀኝ አድርጋችሁ መሀሉን ያዙ። መርፌው የሚገባው ከክፍተቱ ወደ ታችኛው ጉብታ ቀረብ ብሎ፣ ጫፉ ጥቂት ወደ ራስጌ አዘንብሎ ነው።

መርፌው ከገባ በኋላ

አጥንት ሲያጋጥም የጀማሪ እጅ ወዲያው የሚሄደው አንድ ክፍተት ወደ ላይ ነው። ከላይ ያለው ክፍተት ሰፋ ያለ ይመስለዋል፤ ውድቅት ሌሊት ላይ ሁሉም ሰው ሲቸኩል፣ ቀዶ ሐኪሙ ታጥቦ ቆሞ ሲጠብቅ ደግሞ ፈተናው ይበረታል። አትውጡ። መርፌውን እስከ ቆዳው ሥር መልሳችሁ አቅጣጫ አስተካክሉ፤ አቀማመጧን እንደገና እዩ። ኤል 3–4 ካልሰጠ ኤል 4–5 ሞክሩ። እሱም ካልሰጠ ኤል 5–ኤስ 1 አለ፤ ከሁሉም ሰፊው የአጥንት መስኮት ያለው እዚያ ነው። ከስርጉዱ ጉብታ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ መሀል፣ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ገብቶ ወደ መሀልና ወደ ላይ በማዘንበል የሚወጋበት፣ በቴይለር ስም የሚጠራ መንገድ አለ። ወገባቸው አልታጠፍ ላለ፣ ጅማታቸው ለደነደነ አዛውንት ባለውለታ ነው፤ መጀመሪያ ግን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተለማመዱት።

ንጹሕ ፈሳሽ መንጠባጠቡ ከፍታው ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ፈሳሹ ኅብለ ሰረሰሩንም ከቦታል፤ ኤል 1–2 ላይም ይወጣል። ይህን ብዙ ባልደረቦቼ ሲዘነጉት አይቻለሁ።

ጫፋቸው እንደ እርሳስ የሾለ መርፌዎች የራስ ምታት ስለሚቀንሱ እነሱን ምረጡ። ነገር ግን ቀዳዳቸው ከጫፋቸው ትንሽ ራቅ ብሎ በጎናቸው ስለሆነ ፈሳሹ እንዲመጣ ጫፉ ከረጢቱ ውስጥ ጥቂት መዝለቅ አለበት። የዝቅተኛው ክፍተት ጥቅም እዚህም ይታያል።

ታካሚዋ «እግሬን ኤሌክትሪክ ያዘኝ» ካለች ቁሙ። ወዲያው ካለፈላት መርፌውን ጥቂት መልሳችሁ አረጋግጡ። ካላለፈላት አውጡት፣ ሌላ ዝቅ ያለ ክፍተት ፈልጉ። መድኃኒት ስትሰጡ የሚያማት ከሆነ እዚያው አቁሙ፤ እያመማት አንዲት ጠብታ አትጨምሩ። «ትንሽ ቻይው» የሚለው ቃል ከዚህ ቦታ መጥፋት አለበት። ሴቶቻችን መቻል ለምደዋል፤ ዝም ብለው ሊጎዱ ይችላሉ። ከመጀመራችሁ በፊት «ካመመሽ ዝም እንዳትዪ፣ ንገሪኝ» በሏት።

ዳሰሳ የማይበቃበት ጊዜ

የጎበጠ ጀርባ ስታዩ ታካሚውን በፊት የአከርካሪ ቲቢ ይዞት እንደነበር ጠይቁ፤ በአካባቢያችን እንግዳ በሽታ አይደለም። የተጣመመ አከርካሪ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወገብ፣ ምንም አጥንት የማይዳሰስበት ወፍራም ጀርባ፦ እነዚህ ላይ ከሦስት ሙከራ በኋላ በግትርነት መቀጠል ጥሩ አይደለም። ሌላ የማደንዘዣ ዘዴ፣ ወይም ጊዜ ካለ ወደ ጎንደር መላክ ይሻላል። ሕፃናት ላይ ይህ መመሪያ አይሠራም፤ የአራስ ልጅ ኅብለ ሰረሰር እስከ ኤል 3 ይወርዳል።

ሆስፒታላችሁ ለነፍሰ ጡሮች የሚጠቀምበት አልትራሳውንድ ካለው ግን በእጃችሁ ያለውን ሀብት ተጠቀሙበት። ሆድ የሚታይበትን ጠማማውን ፕሮብ ከመሀሉ በትንሹ ወደ ጎን በቁመት አኑሩ፣ ወደ መሀል አዘንብሉት። ከታች ሳክረም ያልተቋረጠ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ወደ ላይ ስትሄዱ መስመሩ ይቆረጥና እንደ መጋዝ ጥርስ የሚመስሉ አጥንቶች ይመጣሉ። የመጀመሪያው ቁራጭ ቦታ ኤል 5–ኤስ 1 ነው፤ ከዚያ ቁጠሩ። አስቸኳይ ባልሆነ ቀን፣ መጀመሪያ በጣት ምልክት አድርጋችሁ ቀጥሎ በማሽኑ አረጋግጡ። ከሃያ ወይም ከሠላሳ ሰው በኋላ የራሳችሁ ጣት ምን ያህል እንደሚስት ታውቁታላችሁ። አልትራሳውንድ ከሌለ ለሌላ ሕመም የተነሱ የሆድ ራጆችን ብርሃን ላይ ሰቅላችሁ የዳሌው መስመር የት የት እንደሚቆርጥ አስምሩ፤ ሰው ከሰው እንዴት እንደሚለያይ ዓይናችሁ ይማራል።

ቀዶ ሕክምናው አልቆ ታካሚዋ ወደ ክፍሏ ስትገባ ሥራችሁ አላለቀም። መርፌው ከገባ አራት ሰዓት አልፎ እግሯን ቀጥ አድርጋ ከአልጋው ማንሳት ካልቻለች «ማደንዘዣው አልለቀቃትም» ብላችሁ አትለፉት። መርምሯት፣ ለጎንደር ደውሉ። ይህን ለሌሊት ተረኛዋ ነርስም ንገሯት፤ ቀድማ የምታየው እሷ ናት።

በአንስቴዥያ ቅጹ ላይ ደግሞ «ኤል 3–4» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ። «ኤል 3–4፣ በዳሰሳ የተገመተ» ብላችሁ ጻፉ፤ ስንት ጊዜ እንደወጋችሁና ታካሚዋ ምን እንዳለች ጨምሩበት።